ብረቱም ይገፋ፣ ሌላውም ሕይወት ይኑር፦ በደሴና በኮምቦልቻ ስለ ሰውነት ግንባታ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ደረትና ስለ ክንድ የሚጠይቀኝ ሰው ጥቂት ነው፤ ያንን ዩቲዩብ ይነግረዋል። እውነተኛው ጥያቄ የሚመጣው ጂም ውስጥ ልብስ ሲቀየር ነው፦ ኳሱን ልተወው እንዴ? ክራሬን ካነሳሁ ወር አለፈኝ፤ ባለቤቴ አኮረፈች፤ ረመዳን ሊገባ ነው፣ ምን ልሁን? እነዚህን ሰብስቤ እዚህ መልሻለሁ። ከማንበባችሁ በፊት አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ። ጡንቻን ለማሳደግ የሚጠይቀውና ያደገውን ለማቆየት የሚጠይቀው ልክ ለየቅል ነው፤ ማቆየት በጣም ርካሽ ነው። ከታች ያሉት መልሶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚሁ ነው።

በሳምንት ስድስት ቀን ካልገባሁ አላድግም ወይ?

ታድጋለህ። ሦስት ወይም አራት ቀን ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ዋናው ነገር እያንዳንዱ የሰውነት ክፍል በሳምንት ሁለት ጊዜ መሠራቱና በድምሩ አሥር ገደማ የጠነከሩ ዙሮች ማግኘቱ ነው። ዙር ማለት ሳታርፍ በተከታታይ የምትደጋግመው ነው። የጠነከረ ስል ብረቱን ስታስቀምጥ ቢበዛ አንድ፣ ሁለት ወይ ሦስት ድግግሞሽ ብቻ የቀረህ ዙር ማለቴ ነው። ደረትን ሰኞ አሥራ አምስት ዙር ደብድቦ ሳምንቱን ሙሉ ከመርሳት፣ ሰኞ አምስት ሐሙስ አምስት መሥራት ድካሙም ይቀንሳል፣ ሥራውም ይጠራል።

እንዲህ ከተሠራ አንዱ ቀን ከሰባ ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። አራት ቀን ማለት በሳምንት አምስት ሰዓት አካባቢ ነው። አምስት ሰዓት የማንንም ኳስ፣ የማንንም ንባብ አይበላም። የሚበላው ከጂም ውጪ ያለው ነው፦ እስከ እኩለ ሌሊት የሰው ክንድ በቲክቶክ ማየት፣ ስለ ነገ ምሳ ዛሬ መጨነቅ፣ አንድ ቀን ሲቀር «ወረድኩ» ብሎ መስታወት ፊት መቆም። «ጊዜ የለኝም» የሚለኝን ልጅ መጀመሪያ የምጠይቀው ስልኩን ነው።

ሥራ እየሠራ ትልቅ ደረጃ የደረሰ ሰው አለ?

አለ፤ ያውም ከጫፉ ላይ። ሮኒ ኮልማን ትልቁን የዓለም የሰውነት ግንባታ ውድድር፣ ሚስተር ኦሎምፒያን፣ እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2005 ስምንት ጊዜ በተከታታይ ሲያሸንፍ፣ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በቴክሳስ የአርሊንግተን ከተማ ፖሊስ ነበር። የተመረቀው ደግሞ በሒሳብ አያያዝ ነው። ከ1977 እስከ 1979 ሦስቴ ያሸነፈው ፍራንክ ዜን የሒሳብና የኬሚስትሪ አስተማሪ ሆኖ ለዓመታት ሠርቷል። የ1976 እና የ1981 አሸናፊው ፍራንኮ ኮሎምቡ ከቦክስ የመጣ ሰው ነው፤ ከአርኖልድ ሽዋርዘኔገር ጋር ካሊፎርኒያ ውስጥ የግንበኝነት ሥራ ከፍተው ሠርተዋል።

ኮልማንን ስታነሱ ግን ሙሉውን አንሱ። ጀርባውንና ዳሌውን ደጋግሞ ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል፤ ያለ ምርኩዝ መራመድ ይቸግረዋል። እኛ ዘንድ የሚዞረው ቪዲዮ የድሮው፣ በመቶዎች ኪሎ እያነሳ የሚጮህበት ብቻ ነው።

«ማቆየት ርካሽ ነው» ያልከው ምን ያህል ርካሽ ነው?

እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት አለ። ሰዎቹ ለ16 ሳምንት በሳምንት ሦስት ቀን ጠንክረው ሠሩ። ከዚያ ከፊሎቹ ሥራቸውን ወደ ሲሶ፣ ከፊሎቹ ወደ ዘጠነኛ እጅ አወረዱትና 32 ሳምንት ቆዩ። ወጣቶቹ በዘጠነኛ እጁም እንኳ ያገኙትን ጡንቻ አልጣሉም። ዘጠነኛ እጅ ማለት ለየእንቅስቃሴው በሳምንት አንድ ቀን፣ አንድ ዙር ነው። አንድ ዙር! እኔ ለጥንቃቄ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለየክፍሉ ሦስት አራት ዙር እላለሁ። ኪሎውን ግን አትቀንስ፤ የሚቀነሰው የዙሩ ብዛት ነው። ቀላል ብረት እያነሱ «እያቆየሁ ነው» ማለት አይሠራም።

ስለዚህ ፈተና ቢመጣ፣ ሠርግ ቢደረብ፣ ለሁለት ወር የቋንቋ ትምህርት ብትጀምር የጂም ሕይወትህ አያበቃም። ሙሉ በሙሉ ብታቆም እንኳ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚጠፋ ብዙ ነገር የለም። ክንድህ የሳሳ የሚመስልህ ጡንቻው ውስጥ የተጠራቀመው ስኳርና ውኃ ስለቀነሰ ነው፤ ስትመለስ በጥቂት ቀን ይሞላል።

ታዲያ ዓመቱን እንዴት ላካፍለው?

የእኛ ዓመት ራሱ ተካፍሎ የመጣ ነው። ከመስቀል በኋላ እስከ ጥምቀት ያለው ጊዜ ለማሳደግ ይመቻል፤ ዝናቡ አልፏል፣ እህሉ ገብቷል፣ ሥራና ትምህርት መስመር ይይዛሉ። እርግጥ የነቢያት ጾም መሐሉ ላይ አለ፤ የሚጾም ሰው ምግቡን ቀድሞ ማሰብ ይኖርበታል። ከየካቲት ጀምሮ ዓቢይ ጾም ይመጣል። ረመዳን በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ገደማ ወደ ኋላ ስለሚመጣ በእኛ አቆጣጠር በ2017ም በ2018ም የሁለቱ መግቢያ በአንድ ሳምንት ልዩነት ውስጥ ነበር። ወሎ ውስጥ በአንድ ቤት ሁለቱም የሚጾሙበት ሞልቷል፤ ያን ጊዜ ጂሙም ከተማውም አብረው ይረጋጋሉ። ያንን ወቅት ለማቆየት ስጠው፤ የተረፈውን ሰዓት ደግሞ ለሌላው ፍላጎትህ። ከፋሲካና ከዒድ በኋላ ግንቦትና ሰኔ እንደገና ጥሩ ናቸው።

ሐምሌና ነሐሴ ደሴ ላይ ዝናቡና ጭጋጉ ከቤት አያስወጣም። ጠዋት 12 ሰዓት ከሙጋድ ተነስቶ ጂም የሚሄድ ሰው ካየሁ አደንቀዋለሁ፤ ሁሉም ሰው እንዲያ ይሁን ግን አልልም። ክረምትን ለንባብ፣ ለሙዚቃ፣ ለኮምፒውተር ትምህርት ሰጥቶ ብረቱን በሳምንት ሁለት ቀን ማድረግ ምንም አያጎድልም። ዓመቱን ሙሉ «በማሳደግ ላይ ነኝ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ካለፈው ዓመት ኪሎው ሳይጨምር እዚያው ቤንች (ተጋድመው ብረት የሚገፉበት አግዳሚ) ላይ ታገኘዋለህ።

በጾም ፕሮቲን ከየት አመጣለሁ?

ይህ ጥያቄ በየዓመቱ እንደ አዲስ ይመጣል። ጠንክሮ ለሚሠራ ሰው ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን 1.6 ግራም ፕሮቲን ጥሩ መነሻ ነው፤ 75 ኪሎ ከሆንክ 120 ግራም። አሁን ከጓዳ እንቁጠር። 200 ግራም ደረቅ ምስር ወደ 50 ግራም ፕሮቲን አለው። 100 ግራም የሽምብራ ሽሮ ወደ 20። አንድ እፍኝ ተኩል ኦቾሎኒ፣ ማለትም 50 ግራም፣ ወደ 12። የቀኑ እንጀራህ ከ250 ግራም የጤፍ ዱቄት ቢጋገር ወደ 30። ድምሩ 112 ነው፣ የፕሮቲን ዱቄት ከዱባይ ሳይመጣ። ጥቂት የአኩሪ አተር ቆሎ ከጨመርክበት ከ120 ታልፋለህ፤ አኩሪ አተር በ100 ግራም 36 ግራም ገደማ አለው።

ችግሩ ሆድ ነው። ይህን ሁሉ ምስርና ሽምብራ በአንድ ጊዜ መብላት ያነፋል፤ ለሁለትና ለሦስት ጊዜ ይከፈል፣ ምስሩ ቀድሞ ይዘፍዘፍ። እስከ 9 ሰዓት የምትጾም ከሆነ ከምግብ በኋላ ሁለት ሰዓት ቆይተህ ወደ 11 ሰዓት ብትሠራ ይሻላል። በጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን የንስሐ አባትህን ጠይቅ፤ እኔ የማውቀው የሐይቅ ዓሣ ከጾም ውጪ ባሉት ቀናት ምርጥ ፕሮቲን መሆኑን ነው።

ፍስክ ሲሆን ነገሩ ይቀላል። አራት እንቁላል 24 ግራም፣ ግማሽ ሊትር ወተት 16 ግራም ገደማ ነው። ዌይ ፕሮቲን (ከወተት የሚሠራው የፕሮቲን ዱቄት) ምግብ ነው፣ መድኃኒት አይደለም፤ ከቻልክ ግዛ፣ ካልቻልክ የሚቀርብህ ነገር የለም። ከሚሸጡት ውስጥ በደንብ የተመሠከረለት ክሬቲን የሚባለው የጡንቻ ጉልበት ማገዣ ነው፣ በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም። ለእሱ ብለህ ግን የክራር ትምህርት ክፍያህን እንዳታቆም።

በረመዳንስ መቼ ልሥራ?

ሁለት አማራጭ ጊዜ አለህ። አንዱ ከመግሪብ በፊት ያለው አንድ ሰዓት ነው፤ ቀለል ያለ፣ አርባ ደቂቃ ያህል፣ ወዲያው ለማፍጠር። ሁለተኛው ከተራዊሕ በኋላ ነው፤ በልተሃል፣ ጠጥተሃል፣ ጉልበቱ አለ። ጉዳቱ እንቅልፍን መግፋቱ ነው፣ ለሱሑር መነሳት አለና። ኮምቦልቻ ከሆንክ ሙቀቱ ስላለ ሁለተኛውን እመርጥልሃለሁ። በዚህ ወር በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል። ወሩን ለዒባዳው ተወው፤ ጡንቻው ዒድን አብሮህ ያከብራል።

በርጫ ላይ እቀመጣለሁ። ይጎዳኛል?

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ተቀምጦ ይህን ጥያቄ ማለፍ አይቻልም። ስብሰባው፣ ጨዋታው፣ ማንዙማው ለብዙ ሰው የሳምንቱ ደስታ ነው፤ በዚያ ማንንም አልወቅስም። የጫቱ ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ግን ሥራውን ይሠራል። የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ያርቃል። የሚበላውና የሚተኛው ከጠፋ ሰውነት ግንባታ ምን ይቀረዋል? ከምርቃና በኋላ ለጨብሲ መጠጥ ሲጨመርበት ደግሞ የማግስቱ ቀን ጭምር ይሄዳል።

መቃም ማቆም የሚችል ያቁም። አላቆምም ለሚል ሰው የምለው ይኸው ነው፦ በሳምንት አንድ ቀን ይሁን፣ በማግስቱ ከባድ ሥራ በሌለበት ቀን። ከመቀመጥህ በፊት ጥሩ ምሳ ብላ፣ ውኃ በብዛት ጠጣ። እየመረቀንክ ጂም አትግባ። ጉልበት ያለህ ይመስልሃል፣ ልብህ ግን ቀድሞ እየሮጠ ነው። የደም ግፊት ያለበት ሰው ይህን ከሐኪም ጋር ይነጋገር። ሌላ የታዘብኩት ነገር አለ። «ጂምና ሌላ ፍላጎት አብሮ አይሄድልኝም» ከሚሉኝ ልጆች ብዙዎቹ ሌላው ፍላጎታቸው ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ማታ የሚቆይ በርጫ ነው። ከዚህ ጋር ያልተጋጨው ነገር የቱ ነው?

ስለ ቡና ለጠየቃችሁኝ፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ቀን ላይ ምንም አይደሉም። ከራት በኋላ ከተፈላ ግን የካፌይኑ ግማሽ አምስት ሰዓት ቆይቶም ደም ውስጥ አለ።

ኳስ እጫወታለሁ። ሩጫው ጡንቻዬን ይበላዋል?

ብዙ ካልሆነ አይበላውም። እ.ኤ.አ. በ1980 ሮበርት ሂክሰን የተባለ ተመራማሪ አንዱን ቡድን ብረት ብቻ፣ ሌላውን ቡድን ብረትም ሩጫና ብስክሌትም ለአሥር ሳምንት አሠራ። እስከ ሰባተኛው ሳምንት አካባቢ ጉልበታቸው አብሮ አደገ። ከዚያ ሁለቱንም የሚሠሩት ቆሙ፣ መጨረሻ ላይ ወረዱ። ይህን ይዘው «ካርዲዮ (ሩጫና መሰል የትንፋሽ ሥራ) ጠላት ነው» የሚሉ አሉ። ሰዎቹ ግን ብረት በሳምንት አምስት ቀን፣ ትንፋሽ ስድስት ቀን ነበር የሚሠሩት። ቅዳሜ ጠዋት ሜዳ ወርዶ አንድ ጨዋታ የሚጫወት ሰው ከዚህ ጋር አይገናኝም።

የሚያስፈልገው ቦታ ማስያዝ ነው። ከባድ የእግር ቀንህ ከጨዋታው ቢያንስ ሁለት ቀን ይራቅ። ዓርብ ማታ ስኳት (ብረት ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) ሠርቶ ቅዳሜ ኳስ የሚሮጥ ሰው ታፋው ቢሳብ ሜዳውን አይውቀስ። ጨዋታ ባለበት ሳምንት የእግር ዙርህን በሲሶ ቀንስ፤ ኳሱ ራሱ ሥራ ነው።

የጦሳን ተራራ መውጣት እወዳለሁ። ከኮምቦልቻ ደሴ ስመጣ ደግሞ ለምን ቶሎ ያለከልከኛል?

ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,850 ሜትር ነው፣ ደሴ ወደ 2,500። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም በከፍታ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ወጥተሃል፣ አየሩ ሳስቷል። አምስት ስድስት ድግግሞሽ ያለው ከባድ ዙር ላይ ልዩነቱ አይሰማህም። አሥራ አምስትና ሃያ ድግግሞሽ ስትሠራ፣ ወይም በዙሮች መሐል ቶሎ ስትመለስ ይሰማሃል። አንድ ደቂቃ እረፍት ጨምር፤ ከሰነበትክ ትለምደዋለህ።

ጦሳን ውጣ። ለልብና ለትንፋሽ ከማሽን ላይ ሩጫ የሚያንስበት ነገር የለም፣ ከላይ ደሴን ማየቱ ደግሞ በነጻ ነው። ልብ በል ግን፣ በማግስቱ ታፋህን የሚይዝህ ቁልቁለቱ ነው። ስትወርድ ጡንቻው እየተለጠጠ ክብደት ይሸከማል። ስለዚህ የተራራ ቀንን እንደ ቀላል የእግር ቀን ቁጠረው።

ክራር እማራለሁ፣ ጣቶቼ ደነደኑ። መምረጥ አለብኝ?

ይህ ጥያቄ ደስ ያሰኘኛል። ከአራቱ ቅኝቶች ባቲና አምባሰል ስማቸው ከዚሁ ከአካባቢያችን ነው፤ እዚህ ተወልዶ ክራር ለቤንች ብሎ የሚተው ልጅ ካለ እኔ አልስማማም።

ብረት የሚያደነድነው ከጣቶች ሥር ያለውን መዳፍ ነው፣ ክር የሚነካው የጣት ጫፍ ነው። ስለዚህ መደንደኑ ራሱ አያጣላቸውም፤ የመዳፉን ቆዳ ከታጠብክ በኋላ በድንጋይ ፈግፍገው። የሚያጣላቸው የክንድ ድካም ነው። ዴድሊፍት (ብረትን ከመሬት ማንሳት) እና ፑል አፕ (ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ) ከሠራህ በኋላ ጣት ይንቀጠቀጣል፣ ለሰዓታት ፍጥነት አይኖረውም። መፍትሔው ቅደም ተከተል ነው፦ ክራሩ ጠዋት፣ ብረቱ ማታ። በጀርባ ቀን ከባዶቹን ዙሮች በእጅ ማሰሪያ ሥራቸው። መድረክ ካለህ ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ የጀርባ ሥራ አቁም። ማሲንቆም ያው ነው፣ እዚያ ግን ቀስቱን የሚይዘው እጅ ትከሻውም ዘና ማለት ስላለበት ከባድ የትከሻ ቀን በማግስቱ ያስቸግርሃል።

ለቅሶ፣ ቅሬ፣ ሠርግ ሲመጣ ፕሮግራሜ ይበላሻል

ይበላሽ! ቅሬው (እድሩ) ሲጠራ ጂም ነበርኩ የሚል ሰው ነገ ማን ይቆምለታል? ድንኳን መትከልና ወንበር መሸከም የማን ሥራ እንደሆነም ታውቃለህ፤ ክንድ ያለው ሰው ነው የሚፈለገው። ፕሮግራምህን በቀን ስም አትሰረው። «ሰኞ የእግር ቀን» ከማለት በተራ ቁጥር ያዘው፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሰኞ ቀርተህ ረቡዕ ብትመለስ ከቆምክበት ቁጥር ቀጥል። የቀረውን ለማካካስ በአንድ ቀን ሁለቱን አትደርብ።

ባለቤቴ «ጂሙን አግባ» አለችኝ

እኔም እስማማላታለሁ። ቅሬታው ሲመረመር ስለ ሰዓቱ እምብዛም አይደለም። ማታ ቤት ገብተህ ስለ ካሎሪ ብቻ ማውራትህ፣ የእሑድ ምሳ ላይ ሥጋውን መርጠህ ወጡን መግፋትህ፣ ከልጆቹ እንቁላል ለይተህ የራስህን መደበቅህ ነው። በዚህ ኑሮ የቤቱን እንቁላል ለአንድ ሰው ክንድ ማዋል ያስኮርፋል። የአንተ የምግብ ወጪ ከቤቱ አስቤዛ ተለይቶ ይታወቅ፤ በእሱ ላይ ተስማሙ፤ ካልቻላችሁ ሽሮው ይበቃሃል፣ ከላይ ቆጥረነዋል። የጂም ቀኖችህን ንገራት፣ በሌሎቹ ቀኖች ደግሞ ሙሉ በሙሉ ቤት ሁን።

ፈረቃ እሠራለሁ / ፈተና ደርሶብኛል

ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ለምትሠሩ፦ የሌሊት ፈረቃ ሳምንት የማቆየት ሳምንት ነው። ከፈረቃ ወጥታችሁ በቀጥታ ጂም አትግቡ፤ ተኙ፣ ብሉ፣ ከዚያ። የወሎ ዩኒቨርሲቲም የሌላም ተማሪዎች ሆይ፣ በፈተና ሰሞን ሁለት ቀን፣ በየቀኑ አርባ አምስት ደቂቃ። እንቅልፍ ቆርጦ ማጥናትና እንቅልፍ ቆርጦ ብረት መግፋት ሁለቱም ኪሳራ ነው። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለ ፓምፕ (ከሥራ በኋላ ስለሚመጣው የጡንቻ መወጠር) የሚያወራውን ጓደኛችሁን ደግሞ ወንበር ቀይሩበት።

ሴት ነኝ፤ ጠንክሬ ብሠራ ወንድ እመስላለሁ ይሉኛል

አትመስዪም። የሴት ሰውነት ያለው ቴስቶስቴሮን ከወንድ በብዙ እጥፍ ያነሰ ስለሆነ ቪዲዮ ላይ የምታያቸውን ዓይነት ጡንቻ በአጋጣሚ አታመጪም። ሥራው ያው ነው፣ ዙሩም ያው። የሰዓት ነገር ግን ይገባኛል፤ ከመሸ በኋላ ብቻሽን መመለስ ካሳሰበሽ ከጓደኛሽ ጋር በጠዋት ግቡ፣ ካልሆነ ሁለት ዳምቤል ገዝተሽ ቤት ጀምሪ።

ዕድሜዬ ከሃምሳ በላይ ነው። ድሮ ኳስ ተጫዋች ነበርኩ፣ አሁን ጓሮዬን እወዳለሁ። መጀመር እችላለሁ?

በሚገባ ይችላሉ፣ ጋሼ። መጀመሪያ ግፊትዎንና ስኳርዎን ይለኩ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሙሉ ሰውነት፣ በቀላል ኪሎ ተጀምሮ ቀስ እያለ የሚጨምር። ለእርስዎ አንድ ነገር ይለያል፦ ከላይ ባነሳሁት የ2011 (እ.ኤ.አ.) ጥናት ላይ ከ60 ዓመት በላይ የነበሩት ሰዎች ጉልበታቸውን ቢያቆዩም የጡንቻቸውን መጠን ለማቆየት ሲሶው እንኳ አልበቃቸውም። ስለዚህ የወጣቶቹን ያህል ረጅም እረፍት አይውሰዱ። ጓሮ መኮትኮት ጥሩ ነው፣ ግን የብረቱን ቦታ አይተካም።

ከጂም ሌላ ወሬ የለኝም። ችግር ነው?

ምን እንደጠፋብህ ይወሰናል። ብረት ስለምትወድ ብዙ ብታወራ ጓደኞችህ ይሰለቻሉ እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም። የሚያሳስበኝ ሌላ ሰው ነው። ክንዱ እንደዚያ ሆኖ ትንሽ ነኝ የሚለው፣ ገላው እንዳይታይ በሙቀት ሹራብ የሚለብሰው፣ ተጎድቶም ሳይቀር የሚመጣው፣ ሠርግ ላይ ምግቡን ፈርቶ የሚቀረው። ሐኪሞች ይህን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የገለጹት የአእምሮ ሕመም ነው። ሰውየው ምን ያህል ቢያድግ ዓይኑ አያየውም። «አብሽር፣ ትልቅ ነህ» ማለት አይፈውሰውም። የአእምሮ ሐኪም ጋር አብራችሁት ሂዱ፤ በዱላ አይደለም፣ በወዳጅ ቋንቋ።

መወዳደር እፈልጋለሁ። ያኔስ ሌላውን ማስኬድ እችላለሁ?

አትችልም፣ እኔም አልዋሽህም። ለመድረክ ስብ ማውረድ ከሦስት እስከ አምስት ወር ይወስዳል። የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ላይ ትራባለህ፣ ይበርድሃል (ደሴ ላይ ደግሞ እንዴት ያለ ብርድ!)፣ እንቅልፍህ ይሰበራል፣ የፍቅር ስሜትህ ይቀንሳል፣ ያነበብከው ገጽ ጭንቅላትህ ውስጥ አይገባም። መጨረሻው ቀን የታወቀ ከሆነ ይህ ይቻላል። ቤተሰብህንና አለቃህን ቀድመህ ንገር፣ ፈተናና ሠርግ በሌለበት ወቅት አድርገው። ከዚያ በኋላ ቢያንስ ያንኑ ያህል ወር ለሌላው ሕይወትህ መልስ።

ስቴሮይድ የሚያቀርብልህ ሰው መምጣቱ አይቀርም። ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን አንተም እሱም አታውቁትም። የራስህ ቴስቶስቴሮን ምርት ይዘጋል፣ የወንድ ዘር ፍሬ ይቀንሳል፣ ልብ ይወፍራል፣ ኮሌስትሮል ይበላሻል። ስለ ሚዛን እየጠየቅከኝ ከሆነ መልሱ ግልጽ ነው።

አንድ ሳምንት በምሳሌ አሳየኝ

ኮምቦልቻ የሚሠራ፣ ቅዳሜ ኳስ የሚጫወት፣ ክራር የሚማር ሰው እንውሰድ። ሰኞ ከሥራ በኋላ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሙሉ ሰውነት ይሠራል። ማክሰኞ የክራር ትምህርት አለው፣ ጂም የለም። ረቡዕ እግርና ጀርባ፤ ከባዱ ቀን ይህ ነው። ሐሙስ ቤት ነው፣ ክንዱም ያርፋል። ዓርብ ደረት፣ ትከሻና ክንድ፣ ሃምሳ ደቂቃ ብቻ። ቅዳሜ ጠዋት ኳስ፣ ከሰዓት ክራሩን ለብቻው ይለማመዳል። እሑድ ወይ ዘመድ ጥየቃ ይወጣል፣ ወይ ከጓደኞቹ ጋር ሐይቅ ሄዶ ዓሣ ይበላል። ረቡዕ ለቅሶ ካለበት ሐሙስ ይሠራዋል፤ ሐሙስም ካልሆነ የዓርቡን ትቶ እሱን ይሠራል፣ የእግሩን ዙር ግን ግማሽ አድርጎ፣ ቅዳሜ ሜዳ አለና።